ዘንዶውና አጋዘኑ

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጫፍ፣ ሕንፃው አልቆ የገበሬው ማሳ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ አንድ የጋራ መገልገያ ቤት አለን። ነዋሪው ኮሚናል ይለዋል። በዓል ሲደርስ የቅርጫ በሬ ይታረድበታል፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ከእሱ ጋር ተያይዞ ይተከላል፤ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የዕድር ስብሰባ ይካሄድበታል። በቀሩት እሑዶች ከሰዓት በኋላ ግን የእኛ ነው። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከዕድሩ የተዋስናቸው 12 የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ የሙዝ ካርቶን ሙሉ ካርድ፣ ከ10 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች፣ እና እኔ።

የምንጫወተው በየቤቱ የሚታወቀውን ካርታ አይደለም። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል፤ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበ ጨዋታ ነው። በካርታ ጨዋታ ለሁላችንም ከአንድ ክምር ይታደለናል። በዚህ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 60 ካርዶች ያሉት የራሱን ክምር ከቤቱ መርጦና አስልቶ ይዞ ይመጣል። «መሬት» የሚባሉ ካርዶች አሉ፤ በየተራ አንድ መሬት ይወርዳል። መሬቱ ሲጋደም ማና የሚባል ኃይል ይሰጣል፤ በማናው ፍጡር ይጠራል ወይም ድግምት ይደገማል። ሁለቱም ተጫዋቾች 20 ነጥብ ሕይወት ይዘው ይጀምራሉ፤ ቀድሞ ዜሮ የገባ ተሸነፈ። ልጆቹ ማናውን «መና» ማለት ለምደዋል። ኃይላቸውን ሳይጠቀሙበት ተራው ሲያልፋቸው «መናዬ መና ቀረ» ይላሉ። ይህን አባባል ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ከአንዱ ልጅ አፍ ወጣ፣ በሁለተኛው እሑድ የሁሉም ሆነ።

እኛ ጋ ካርዱ የሚደርሰው በሻንጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ያህል ካርዶች የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር ለዕረፍት ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፤ አብዛኞቹ ተራ ካርዶች ነበሩ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ትንንሾቹ ይቸገሩ ነበር። እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ከመቁረጫው ማሽን ሥር የሚወድቀውን የወረቀት ቅራጭ በሁለት ጣት ስፋት እያስተካከልሁ አመጣላቸዋለሁ። ልጆቹ የካርዱን ትርጉም በአማርኛ ይጽፉበትና ካርዱ ባለበት ስስ የላስቲክ ኪስ ውስጥ ከጀርባው ይሸጉጡታል። እነዚያን ቁራጭ ወረቀቶች አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ። አንዳንዱ ልጅ ቃል በቃል ይጽፋል፤ አንዳንዱ የገባውን ያህል ብቻ ጽፎ የቀረውን በሥዕል ይሞላዋል። አንድ ካርድ በሁለት ልጆች እጅ ሁለት ዓይነት አማርኛ ይኖረዋል፤ ከዚያ ክርክር ይነሣል፤ ከክርክሩ ጨዋታው ይገባቸዋል። ከካርዱ ይልቅ ይህን ክርክር እወደዋለሁ።

አሁን ልጽፍ የተነሣሁት ከሦስት ዓመት በፊት ስለሄደች አንዲት ልጅ ነው።

ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከኮሚናሉ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ነው የምትመጣው። የመጀመሪያ ቀን ከመጫወት ይልቅ የሙዝ ካርቶኑን ሥር ድረስ ስታገላብጥ ዋለች። ሊመሽ ሲል አንድ ካርድ ይዛ ቀና አለች፤ ሺቫን ድራጎን። እሳት የሚተፋ ቀይ ዘንዶ ነው፤ ጨዋታው በተጀመረበት በ1993 ታትሞ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደጋግሞ የታተመ። ጉልበቱ፣ ማለትም የሚያደርሰው ጉዳት፣ 5፤ ጽናቱ፣ ማለትም እስኪሞት የሚሸከመው ጉዳት፣ 5፤ ይበራል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቀይ መና ጉልበቱ በአንድ ይጨምራል። ዋጋው ስድስት መና ነው። ስድስት መና ማለት እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ከተሳካ ስድስተኛው ተራ ድረስ በሕይወት ቆይቶ መጠበቅ ነው። የዘንዶውን ትርጉም መጀመሪያ በእርሳስ ጻፈችው፤ አላረካትም፤ በሚቀጥለው እሑድ በስክሪብቶ፣ በቁም ጽሕፈት አሣምራ ጽፋው መጣች።

በዚያ ዘንዶ ዙሪያ ክምሯን አዘጋጀች። መጀመሪያ 17 መሬት ብቻ ነበር ያስገባችው፤ ተሸነፈች። ጨዋታው ሲያልቅ ካርዶቿን ሳትሰበስብ «ጋሼ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለችኝ። «መሬት አነሰሽ፤ 24 አድርጊው» አልኋት። በሚቀጥለው እሑድ 24 አድርጋ መጣችና እንደገና ተሸነፈች። «አሁንስ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ ቀደመኝ፤ «ዘንዶው እስኪመጣ የሚከላከሉልሽ ትንንሽ ፍጡራን የሉሽም» አላት። ጻፈችው። ሁለት ጊዜ ተሸንፋ ሁለቱንም ጊዜ በፈገግታ ነው ወደ ቤቷ የገባችው። ሰው መሸነፍ ይጠላል ይባላል። እኔ በዚያች ልጅ ላይ ያየሁት ሌላ ነበር፤ ከሽንፈቷ ይዛው የምትሄደው ነገር እስካለ ድረስ ሽንፈቱ አይከብዳትም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ ጋር ተቀመጠች። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጨዋም ነው። አጎቱ ከውጭ አገር የላከለት አዲስ ካርድ ነበረው፤ ስሙ ኦኮ፣ የዘውዶች ሌባ።

ይህን ካርድ ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። ዋጋው ሦስት መና ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ 4 ነጥብ ይዞ ይወርዳል፤ በዚያው ተራ ምግብ የሚባል ዕቃ ሲሠራ ነጥቡ 6 ይሆናል። ተቃዋሚው ካርዱን ለማስወገድ ያን 6 ነጥብ በፍጡራኑ ጥቃት መጨረስ አለበት፤ በሦስተኛው ተራ ደግሞ የጀማሪ ፍጡራን ጉልበታቸው ሁለት ወይም አንድ ነው። በሚቀጥለው ተራ ኦኮ ማንኛውንም ዕቃ ወይም ፍጡር አጋዘን ያደርጋል፤ ጉልበቱ 3፣ ጽናቱ 3፣ የቀድሞ ችሎታው በሙሉ የጠፋ አጋዘን። የራሱን ምግብ አጋዘን አድርጎ ያዘምትበታል፤ የተቃዋሚውን ኃያል ፍጡር አጋዘን አድርጎ ያዋርደዋል። ይህን ሲያደርግ ነጥቡ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው፤ ሌላው ካርድ አንድ ነገር ሲያደርግ ይከፍላል፣ ይህ ግን ባደረገ ቁጥር ይበረታል።

ልጅቷ ታገለች። ስድስተኛው ተራዋ ላይ በሕይወት ነበረች፤ ነጥቧ 7 ቀርቶ ነበር። ስድስተኛውን መሬት አወረደች፣ ስድስቱንም አንድ በአንድ አጋደመች፣ ከወንበሯ ተነሥታ ዘንዶውን አስቀመጠች። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ልጆች አጨበጨቡላት። ተራው ወደ ልጁ ዞረ። እሱም ጣቱን ኦኮ ላይ፣ ቀጥሎ ዘንዶው ላይ አደረገ። ከእኔ ቅራጭ ወረቀት አንዱን አንሥቶ «አጋዘን» ብሎ ጻፈና በዘንዶው ፊት ላይ አስቀመጠው።

የኦኮን ካርድ ተቀብላ አነበበችው። እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መውጫ የሚሆናት አንዲት ቃል እየፈለገች መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። በእጇ ካሉት ካርዶች፣ ካርቶኑ ውስጥ ካሉት 1,000 ካርዶች፣ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ካስተማርናት ነገር ውስጥ «ይህን ብታደርጊ ኖሮ» የምለው አንድም አልነበረም። «ዕድል ነው፤ አይዞሽ» አልኋት። ዕድል አልነበረም። እሷም ዕድል እንዳልነበረ አውቃለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ዘንዶውን ከነቁራጭ ወረቀቱ ደብተሯ ውስጥ ከትታ፣ ወንበሯን ወደ ቦታው መልሳ፣ አመስግና ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ያን ሰሞን 14 ነበርን። የ15 ዓመቱ ልጅ በየሳምንቱ አሸነፈ። ሌሎች ሁለት ልጆች ዘመዶቻቸውን አስቸግረው ያንኑ ካርድ አስመጡ፤ ማስመጣት ያልቻሉት አንድ በአንድ ቀሩ። ገና ሦስት ወር ሳይሞላ አምስት ሆንን። አምስታችንም ነባሮች ነበርን፤ አንድም ጀማሪ አልነበረም። ኮሚናሉ ያ ሁሉ ወንበር ተደርድሮበት ጭር ሲል ያስፈራል። በእሑድ ጀምበር ከማሳው በኩል የሚመጣው ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር።

ጀማሪ የሚሄደው ስለሚሸነፍ ነው ይባላል። አላምንበትም። ጀማሪ መሸነፍን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ሰንጠረዥ (ቼዝ) የሚማር ልጅ 50 ጊዜ ይሸነፋል፤ ኳስ የሚማር ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይታለፋል። የሚያቆየው ሽንፈቱ ውስጥ የሚያገኘው መልስ ነው። ከመጠን ያለፈ ካርድ ያንን መልስ ይነጥቀዋል። የወሰንኸው ውሳኔ ሁሉ፣ መሬቱን መቁጠርህ፣ ትንንሾቹን ፍጡራን መምረጥህ፣ ስድስት ተራ መታገሥህ፣ ከውጤቱ ጋር ያለው ዝምድና ይቋረጣል። ነባሩ ተጫዋች ይህ ሲደርስበት ቢያንስ ምን እንደደረሰበት ያውቃል፤ «ይህ ካርድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው፣ ይታገዳል» ብሎ ይጠብቃል። ጀማሪው ያንን አያውቅም። ጨዋታው ማለት ይኸው ይመስለዋል። ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰው ነው፣ ችግሩ የእኔ አለመቻል ነው ይላል።

ነገሩ በእኛ ኮሚናል አልተጀመረም። ጨዋታው በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ብላክ ሎተስ የሚባል ካርድ ነበረ። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ሲሰዋ ሦስት መና ይሰጣል። መሬት በየተራው አንድ ብቻ በሚወርድበት ጨዋታ፣ ያን ካርድ ከአንድ መሬት ጋር የያዘ ሰው አራተኛው ተራ ላይ ማድረግ የሚገባውን በመጀመሪያው ተራ ያደርጋል። ጋርፊልድ ይህን ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም። ሰው እንደ ማንኛውም የቤት ጨዋታ ጥቂት ፓኬት ብቻ ገዝቶ ከጎረቤቱ ጋር ይጫወታል፣ እንዲህ ያለው ብርቅ ካርድ በአንድ ሰፈር ምናልባት አንድ ቢገኝ ነው ብሎ ነበር የገመተው። ሰው ግን በሣጥን ገዛ። ግምቱ በዚያው ፈረሰ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1994 የመጀመሪያዎቹ የእገዳና የቁጥር ገደብ ዝርዝሮች ወጡ። ዛሬ ብላክ ሎተስን በይፋዊ ውድድር መጠቀም የሚፈቀደው በአንድ የውድድር ዓይነት ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን በአንድ ክምር ከአንድ በላይ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስካልክላምፕ የሚባል ካርድ መጣ። የዚህን ካርድ ታሪክ ሳነብ በሥራዬ ምክንያት ሌላው አንባቢ ከሚያዝነው በላይ አዘንሁ። ለፍጡር የሚታጠቅ ዕቃ ነው፤ ዋጋው አንድ መና፣ ማስታጠቂያው አንድ መና። ያስታጠቁት ፍጡር ጉልበቱ በአንድ ይጨምራል፣ ጽናቱ በአንድ ይቀንሳል፤ ሲሞት ባለቤቱ ሁለት ካርድ ያነሣል። ጽናቱ አንድ የሆነ ትንሽ ፍጡር ሲታጠቀው ወዲያው ይሞታል፤ እንግዲህ በአንድ መና ሁለት ካርድ፣ በአንድ መና ሁለት ካርድ እያሉ መቀጠል ነው። ካርዱ እንዲህ የሆነው በዝግጅቱ ማብቂያ ላይ ቁጥሩ ተነካክቶ በቂ ሙከራ ሳይደረግበት በማለፉ ነው። ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። አራት ጊዜ የታረመው ገጽ ችግር የለበትም፤ ስህተቱ የሚገኘው ማሽኑ ሊነሣ ሲል «ይህችን ብቻ» ተብላ በገባችው እርማት ውስጥ ነው። ወረቀቱ ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚመለስ የለም። ካርዱ በየካቲት ወጥቶ በዚያው ዓመት ሰኔ ታገደ። በማግስቱ ዓመት፣ በመጋቢት 2005፣ ከዚያው የካርድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ውሳኔ ስምንት ካርዶች ከዋናው የውድድር ዓይነት ወጡ። ሰው ከጨዋታው እየራቀ መሆኑ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

የእኛው ኦኮም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 መጀመሪያ ወጣ። በኅዳር በአሜሪካ ሪችመንድ ከተማ በተደረገው ትልቅ ውድድር ከቀረቡት ክምሮች ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጡት ይዘውት ነበር። በዚያው ወር ከዋናው የውድድር ዓይነት ታገደ፤ ከወጣ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም። በዓለም ላይ የታወቁት ተጫዋቾች ሊቋቋሙት ያልቻሉትን ካርድ ነው እንግዲህ እኔ በአንዲት የሦስት ሳምንት ጀማሪ ፊት «ዕድል ነው» ያልሁት። እገዳውንም አውቅ ነበር። እኛ ይፋዊ ውድድር አይደለንም፣ ልጁ ያለውን ካርድ ይጫወት ብዬ ዝም አልሁ። ይህ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካርድ ለምን እንዲህ ከመጠን ያልፋል? አንዱ ምክንያት ስህተት ነው፤ ያን አልፈርድበትም። በሺህ የሚቆጠሩ ካርዶች እርስ በርስ ሲጣመሩ የሚሆነውን ሁሉ ቀድሞ ማየት የሰው አቅም አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ገበያ ነው። አሳታሚ በየዓመቱ አዲስ ካርድ መሸጥ አለበት፤ አዲሱ ካርድ ከአሮጌው ካልበለጠ ማን ይገዛዋል? ትንሽ ይበልጣል፣ የሚቀጥለው ከእሱ ትንሽ ይበልጣል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ካርድ ከልጅ መጫወቻ አይሻልም። ጀማሪው ደግሞ ዘወትር የሚጀምረው ከአሮጌው ነው፤ ዘመድ ከተወለት ሳጥን፣ ጓደኛው ከሰለቸው ካርድ። የእኛ ሰፈር ልጅ ደግሞ ከሌላው ጀማሪ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል፤ ለእሱ ካርድ ማለት አጎት ማለት ነው። አጎት የሌለው ካርድ የለውም።

በስልክ የሚጫወቱት ይህን ችግር በከፊል አቅልለውታል። ሃርትስቶን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጨዋታ ካርዱ ወረቀት ስላልሆነ፣ ከልክ ያለፈው ካርድ በአንድ ሌሊት ቁጥሩ ይቀነሳል፤ በ2015 መጀመሪያ አንደርቴከር በሚባል ካርድ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ2020 ደግሞ ለአዲስ ገቢ አንድ የተሟላ ክምር በነፃ መስጠት ጀመሩ። ጥሩ ነው። ግን እኔ መብራት በሚጠፋበት፣ የኢንተርኔት ዋጋ ከልጅ ኪስ በላይ በሆነበት ሰፈር ስለሚጫወቱ ልጆች ነው የማስበው። ወረቀት ይሻለናል።

የዕድራችን ንብረት ያዥ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ወንበሮቹን ቆጥረው የሚያስረክቡን፣ ቆጥረው የሚረከቡን እርሳቸው ናቸው። በር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። የቀዘቀዝን ሰሞን «ልጆቹ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና ስለ ሰንጠረዥ አጫወቱኝ፤ ከአባታቸው የሰሙት ነው። የጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም፤ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ እየተሽቀዳደሙ ያሰልፋሉ። አጨራረሱም ደረጃ አለው። ንጉሡን በኃይለኞቹ ጠጠሮች፣ በደር ወይም በፈረስ፣ መግደል ብዙ አያስከብርም፤ በወታደር፣ ማለትም በመደቅ፣ የገደለ ነው የሚመሰገነው። «በኃይለኛው ማሸነፍማ የኃይለኛው ነው» አሉኝ፤ «ሰውየው የቱ ላይ ነው ያለው?»

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለዚህ አሰብሁ። ደርም ፈረስም ለሁለቱም ተጫዋች እኩል ነው የታደለው፤ አንዱ የያዘውን ሌላውም ይዞታል። እንዲህም ሆኖ የጥንት ሰዎች ኃይለኛውን ጠጠር ያለ ልክ መመካት ነውር አድርገውት ነበር። የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ግን ያያል። እኛ ጋ የጎደለው ይኸው ነበር። ከውጭ የሚመጣውን የእገዳ ዝርዝር እንጠብቅ ነበር እንጂ የራሳችን ዓይን አልነበረንም።

ለኃይለኛ ካርድ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸው ውስጥ እውነት አለ። ኃይለኛ ካርድ ልብ ያስደነግጣል፤ ልጅን ወደ ጠረጴዛው የሚጠራው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያቺ ልጅ ራሷ ከ1,000 ካርዶች መካከል የመረጠችው ዘንዶውን እንጂ ሁለት መና የሚያወጣውን ወታደር አልነበረም። ደግሞ ትንሽ ዕድል ያለበት ጨዋታ ለጀማሪ ይራራል፤ አንዳንድ ቀን ደካማው ኃይለኛውን ያነሣና ነባሩን ይጥለዋል፣ ያን ቀን እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ችግሩ ኃይለኛው ካርድ ጀማሪው እጅ ላይ አለመገኘቱ ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ብርቅ ይሆናል፣ መጨረሻው ብዙ የተጫወተና ብዙ ያወጣ ሰው ዘንድ ነው። ብልጫ የነበረው ሰው ሌላ ብልጫ ይጨመርለታል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። ፖፐር የሚባል የውድድር ዓይነት አለ፤ ቃሉ ድሃ ማለት ነው። በተራ ካርዶች ብቻ የሚጫወቱት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይፋዊ እውቅና አለው። ከካርዱ ወገብ ላይ በስተቀኝ ያለችው ትንሽ ምልክት ጥቁር ከሆነች ካርዱ ተራ ነው፤ ወርቃማ ከሆነች ብርቅ ነው። «ጥቁር ብቻ» አልን። የሙዝ ካርቶናችን በአንድ ቀን ባለጸጋ ሆነ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ነበር። የ15 ዓመቱ ልጅ ያኮርፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኦኮን ቤቱ አስቀምጦ በሚቀጥለው እሑድ ሁለት የክፍሉን ልጆች ይዞ መጣ። በየሳምንቱ ያለ ልፋት ማሸነፍ እሱንም ሰልችቶት ኖሯል። ዛሬ ወንበር አይበቃንም፤ ትንንሾቹ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ።

ባለፈው ወር ግን ይህ ሕጋችን ችግር ገጠመው። አንድ አዲስ ልጅ መጣ፤ 11 ዓመቱ ነው። ስሙንና የሚኖርበትን ሕንፃ ሲነግረኝ የዚያች ልጅ ወንድም መሆኑን አወቅሁ። ከጃኬቱ ኪስ አንድ ካርድ አወጣ፤ ሺቫን ድራጎን፣ ከነላስቲክ ኪሱ፣ ከነቁም ጽሕፈቱ። «እኅቴ ናት የሰጠችኝ» አለ። ምልክቷ ወርቃማ ናት። ብርቅ ካርድ ነው፤ በሕጋችን መሠረት አይገባም።

ከልጆቹ አንዷ ይህን ነገረችው። እሱም ካርዱን ወደ ኪሱ መልሶ ዝም አለ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት የቀድሞው ባለ ኦኮ ቀደመኝ። ዛሬ 18 ዓመቱ ነው። «ብርቅ መሆኑ አይደለም ችግሩ» አለ፤ «ስድስት መና የሚያወጣ ዘንዶ ማንንም አይጎዳም። መልስ አለው።» ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አንዱ ሕግ ሕግ ነው አለ። ሌላዋ ሕጉን ያወጣነው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። አባባ ከበሩ ሆነው ያዳምጡ ነበር፤ አልገቡበትም። በመጨረሻ እጅ ተነሣ፤ ዘንዶው በ11 ድምፅ ለ3 ገባ።

ልጁ ከአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጋር ተቀመጠ። ስድስተኛውን መሬት አወረደ፤ ስድስቱን ሁሉ አጋደመና ዘንዶውን ጠራ። ከወንበሩ አልተነሣም፤ እሱ እንደ እኅቱ አይደለም፣ ረጋ ያለ ነው። በተቃራኒው በኩል ልጅቷ ሁለት ጥቁር መሬት፣ ማለትም ጥቁር መና የሚሰጡ መሬቶች፣ ሳታጋድም አቁማ ነበር። ሁለቱን አጋደመችና ዱም ብሌድ አወረደች፤ ሁለት መና የሚያወጣ፣ ቀለሙ ጥቁር ያልሆነን ፍጡር የሚያጠፋ ተራ ድግምት ነው፤ ይህ ጥቁር የካርዱ ቀለም ነው እንጂ ያቺ ትንሽ ምልክት አይደለችም። ዘንዶው ሞተ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ሦስት ተራ ቆይቶ አለቀ፤ ልጁ ተሸነፈ።

ቀና ብሎ «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለ።

እኔን አልነበረም የጠየቀው፤ ጠረጴዛውን ነው። ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ መለሱለት። አንዱ «ሁለቱን የቆሙ መሬቶች አላየህም?» ይላል። ሌላዋ «መጀመሪያ ሌላ ፍጡር ጥራና ድግምቷን በእሱ ላይ ትጨርስ» ትላለች። ያሸነፈችው ልጅ ራሷ «አይደለም፣ ቀደም ብለህ ብታጠቃኝ መሬት ማቆም አልችልም ነበር» አለች። እርስ በርስ አልተስማሙም፤ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። በመካከሉ መብራት ጠፋ፤ አባባ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልን፣ ክርክሩ በውጭው ብርሃን ቀጠለ።

ልጁ ቅራጭ ወረቀት ጠየቀኝ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈበትና ከዘንዶው ጀርባ፣ ከእኅቱ ጽሑፍ አጠገብ ሸጎጠው። ካርዱን ሊከት ሲል አነበብሁት፦

«ሁለት ጥቁር መሬት ቆመው ካየሽ አትጥሪው።»